ሚዛኑ የሠራ ዕለት

እኔ ቁጡ ሰው ነኝ፤ ይህን አስቀድሜ ብናገር ይሻላል። ኮምፒዩተር ሲያስቸግረኝ ኮምፒዩተሩን እሰድባለሁ፣ ሽቦ ሲያስቸግረኝ ሽቦውን የሠራውን፣ ሁለቱም ደህና ሆነው ሲገኙ ደግሞ አጠገቤ የተገኘውን ሰው። በዱቄት ፋብሪካው ጥገና ክፍል አሥራ ሰባት ዓመት ስሠራ ያልሰደብኩት ዕቃ የለም። በዚያ ሳምንት ግን መሰደብ የነበረበት ሌላ ነው፤ እሱጋ ቀስ ብዬ እደርሳለሁ።

ነገሩ የተጀመረው አሮጌዎቹ ኮምፒዩተሮች ተነስተው አዲሶቹ ሲመጡ ነው። ሰባት ናቸው፤ ትናንሽ፣ ድምፅ የሌላቸው፣ ሁሉም ሊኑክስ የሚባለውን ሥርዓት የሚጠቀሙ። ሥርዓቱን የመረጥኩት እኔ ነኝ። ቫይረስ አይደፍረውም፣ ቶሎ አያረጅም ብዬ አዲሱን ሥራ አስኪያጅ ያሳመንኩትም እኔው። ለሰባት ኮምፒዩተር ሰባት ጊዜ መልፋት ስለማልወድ ደግሞ የራሴ አሠራር አለኝ፤ አንዱን አሳምሬ አዘጋጅና ያንኑ እንዳለ ለሌሎቹ እገለብጣለሁ። አንዱ ከሠራ ሁሉም ይሠራል። አንዱ ከጎደለውስ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም፤ እኔም ራሴን አልጠየቅኩም።

ከሰባቱ አንዱ ለእትዬ ነበር። እትዬ ታላቅ እህቴ ናት፤ የፋብሪካው ስልክ ተቀባይ። ገና በሰባት ዓመቷ ኩፍኝ ዓይኗን ወሰደው። እናታችን ስትሞት እሷ ሃያ፣ እኔ ዘጠኝ ዓመታችን ነበር። ዘመድ ተሰብስቦ «ማየት የማትችል ልጅ እንዴት ብላ ልጅ ታሳድጋለች» እያለ ሊወስደኝ ሲመጣ በሩ ላይ ቆማ «እኔ ባላይ እሱ ያያል» አለቻቸው። በዚሁ ኖርን። እኔ መንገዱን አሳያታለሁ፣ የቀረውን ሁሉ እሷ ታደርጋለች። ያጠበችው ልብሴ ላይ እድፍ ቀርቶ አያውቅም፤ በጣቷ እየዳሰሰች ታገኘው ነበር። ፋብሪካው የገባሁትም በሷ ነው። የቀድሞው ሥራ አስኪያጅ ዘንድ በትሯን ይዛ ወጥታ «ወንድሜን ሞክሩት፤ ካሳፈረኝ ሁለታችንንም አባሩን» ብላ አስቀጠረችኝ።

ክፍሏ ከዋናው በር አጠገብ ናት። አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ስልክ፣ እሷ የማትፈልጋት ሾፌሮች ግን አንገታቸውን የሚያስገቡባት አንዲት መስኮት። ሠራተኛው «ማውጫ» ይላታል፤ አራት መቶ የሚሆን የስልክ ቁጥር በቃሏ ታውቃለችና። ማውጫ ስትባል አትቀየምም፤ «ማውጫ እንኳ ገጹ ይቀደዳል፣ እኔ ግን አልቀደድም» ትላለች። ስልኩ ሲጮህ ድምጿ ይለወጣል። ለስለስ፣ ቀዝቀዝ ይልና «ማን ልበል?» ትላለች፤ ደዋዩ ሚኒስትርም ይሁን ማዳበሪያ ሻጭ ለሁሉም ያው ነው። እኔን ግን አንድ ቀን እንኳ ማን ልበል ብላኝ አታውቅም። እግሬን ታውቀዋለች። በሩን ሳላንኳኳ ገና ከግቢው ጠጠር ላይ «ዛሬ ደግሞ የማንን ነፍስ ልታወጣ ነው? አረማመድህ አላማረኝም» ትለኛለች።

ጠረጴዛዋ ላይ፣ ከቁልፎቹ ሥር፣ ክንድ የምታህል ጠፍጣፋ ዕቃ አለች። ስክሪኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ ትናንሽ ነጥቦች ከፍ ዝቅ እያሉ በብሬል ያወጡላታል፤ እሷ በጣቷ ታነባለች። ፊደላችንንም ጭምር። ጥገና ክፍል ያለነው ጥርሱን አይተን «ማበጠሪያው» እንለዋለን። እሷ «መስመሬ» ትለዋለች። ነጥቦቹ ሲነሱ ቀጭን የመንኮሻኮሽ ድምፅ ያሰማሉ፤ ያን ድምፅ ስትሰማ ፊቷ ይፈታል።

አዲሱ ሥራ አስኪያጅ ክፉ ሰው አይደለም፤ ክፉ ቢሆንማ ጥፋቱን ለሱ ሰጥቼ በተገላገልኩ። የሆነ ቦታ ስልክ ራሱ የሚመልስ ማሽን አይቶ መጥቷል፤ ለሽያጭ አንድን ይጫኑ፣ ለጥገና ሁለትን ይጫኑ የሚለውን። ቢሆንም ሃያ አምስት ዓመት የሠራችን ሰው እንዲሁ አላባርርም፣ ዕድል እሰጣለሁ አለ። ከእንግዲህ የበሩ ክፍል የሚገቡትን መኪኖችና የሚመጡትን መልእክቶች በአዲሱ ኮምፒዩተር መዝግቦ በተጠየቀ ጊዜ አንብቦ መንገር አለበት። ሐሙስ ከጠዋቱ በአራት ሰዓት ትፈተናለች። ካለፈች ጡረታዋ እስኪደርስ ስድስት ዓመት ትቆያለች፤ ከወደቀች በወሩ መጨረሻ ትሰናበታለች።

እትዬ ስትሰማ አላለቀሰችም። ማታ ራት ላይ ብቻ «ከስልኩ ከወጣሁ ለኔ ማን ይደውልልኛል?» አለች፣ እንደ ቀልድ አድርጋ። ሚስቴ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም፤ እውነቷን መሆኑን አውቃለሁ።

ቅዳሜ ዕለት ክፍሌ ይዣት ሄድኩና ያዘጋጀሁት የመጀመሪያው ኮምፒዩተር ላይ ማበጠሪያዋን ሰካን። ምንም ሳልነካካው ሠራ። ሊኑክሱ ሲጫን ራሱ የብሬል ፕሮግራም ይዞ ነው የሚመጣው፤ ገና ሽቦው ሲገባ ነጥቦቹ ተንኮሻኮሹ። እትዬ ጣቷን አሳርፋ «ይሄማ ከአሮጌው ይሻላል፣ አይንተባተብም» አለች። ሁለት ሰዓት ሙሉ ተለማመደች። ስትወጣ ትከሻዬን መታ መታ አድርጋ «አላሳፈርከኝም» አለችኝ።

ሰኞ ደግሞ የሚዛኑ ተራ ሆነ።

ሚዛኑ መሬት ውስጥ የተቀበረ ትልቅ የመኪና ሚዛን ነው። ስንዴ የጫነው መኪና ይወጣበታል፣ ክብደቱ በሽቦ ወደ ኮምፒዩተር ይሄዳል፣ ያ ካልሆነ አንድ ኬሻ አይራገፍም። ሽቦው የድሮ ነው፤ ወፍራም፣ ጫፉ ላይ ዘጠኝ ቀዳዳ ያለው፣ ሲሪያል የሚባለው። አዲሶቹ ኮምፒዩተሮች ደግሞ እንዲህ ያለ አፍ የላቸውም፤ ዩኤስቢ ብቻ ናቸው። ስለዚህ ባንድ በኩል ዘጠኝ እሾህ፣ በሌላ በኩል ዩኤስቢ የሆነ አዳፕተር ሦስት አስመጥቼ ነበር። ሚዛን ላይ የሠራ የትም ይሠራል ብዬ ያንኑ የመጀመሪያውን ኮምፒዩተር ተሸክሜ ወረድኩ።

አዳፕተሩን ሰካሁት። መብራቱ በራ፣ የፖርቱ፣ ማለትም የሽቦው መግቢያ፣ ስም ስክሪኑ ላይ ብቅ አለ፣ አንድ ሰከንድ ቆየና ጠፋ። ነቀልኩት፣ መልሼ ሰካሁት። ብቅ አለ፣ ጠፋ። «እያሾፈብህ ነው» አለኝ የሚዛኑ ሠራተኛ፤ ወፍራም ስለሆነ ኩንታል እንለዋለን። ሁለተኛውን አዳፕተር ሰካሁ፤ እንደዚያው። ሦስተኛውንም ሰካሁ። ሦስት የተበላሸ ዕቃ ባንድ ጊዜ አይገዛም ብዬ ቀዳዳ ቀየርኩ፣ ቀጥሎ ሽቦ ቀየርኩ። ላኪና ተቀባይ ሽቦዎቹ ተጠላልፈው ይሆናል ብዬ ሁለትና ሦስት ቁጥርን አቀያይሬ በየድኩ። የሚዛኑን መመሪያ መጽሐፍ ከአቧራ ውስጥ አውጥቼ የሚናገርበትን ፍጥነት አስተካከልኩ። ፖርቱን መንካት የሚፈቀድላቸው ሰዎች ዝርዝር ውስጥ የኩንታልን ስም አስገባሁ። ይህን ሁሉ አደረግኩና ፖርቱ ብቅ ብሎ ጠፋ።

ይህ ሲሆን መኪኖቹ ከሚዛኑ ጀምሮ በሩን አልፈው አውራ ጎዳናው ላይ ደርሰዋል። ጥሩንባው አእምሮ ይነሳል። ሥራ አስኪያጁ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ መጣና ሾፌሮቹ እየሰሙ የመረጥከው ሥርዓት ይሄ ነው ወይ አለኝ። እስከ ስድስት ሰዓት ካልሠራ ከውጭ ሰው አስመጣለሁ አለ። ቀጥሎም ማንን እንደሚያሰናብት ሳይነግረኝ ሄደ። ጆሮዬ እየጋየ ወደ ሽቦዎቹ ተመለስኩ።

ኋላ ነው ልቤን ሰብሰብ አድርጌ መጀመሪያ ማድረግ የነበረብኝን ያደረግኩት፤ ኮምፒዩተሩ የሚሠራውን ሁሉ የሚመዘግብበትን መዝገብ አነበብኩ። አዳፕተሩ ሲሰካ ተቀብሎታል። በሚቀጥለው መስመር ሌላ ፕሮግራም መጥቶ ይነጥቀዋል። ነጣቂው ያ የብሬል ፕሮግራም ነው። የኔ አዳፕተር ውስጥ ያለችው ትንሽ ቺፕ አንዳንድ የብሬል ዕቃዎች ውስጥ ያለችው ራሷ ናት። ኮምፒዩተሩ እሷን ሲያይ የማያይ ሰው መጣ ብሎ ያስባል፤ ያስብና ሌላ እንዳይነካበት ይይዝለታል።

ኢንተርኔት ላይ ፈለግኩ። በኔ ላይ የደረሰው የደረሰበት ሰው ብዛቱ! ምክሩ ሁሉ አንድ ነው፤ ፕሮግራሙን አጥፋው። አንዱማ «ዓይነ ስውር ካልሆንክ ምን ይሠራልሃል?» ብሎ ጽፏል። እኔም ከት ብዬ ሳቅኩ። የዚያን ሳቅ ነገር ሳስብ አሁንም ያመኛል።

እትዬን አላሰብኳትም ብል ውሸት ነው። አስቤያታለሁ። የዕለት ሥራዬን በላፕቶፔ እመዘግባለሁ፤ ወዲያው ከፍቼ ሁለት አጭር መስመር ጻፍኩ። ለሚዛኑ ሲባል የብሬል ፕሮግራሙ ይወጣል። ለእትዬ መመለስ እንዳይረሳ። ከዚያ አጠፋሁት።

ፖርቱ ብቅ አለና ቆመ። ስክሪኑ ላይ ሠላሳ አንድ ሺህ አራት መቶ ሰማንያ ኪሎ ብሎ መጣ። ኩንታል አቀፈኝ፣ ሾፌሮቹ አጨበጨቡ። ከስድስት ሰዓት በፊት ነበር። ሥራ አስኪያጁም ተመልሶ መጣና ያው ሾፌሮች እየሰሙ እጁን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገ። የጥገና ክፍል ኃላፊነቱ ቦታ ባዶ ነው፣ ካንተ ሌላ የማስበው ሰው የለም አለኝ። ያን ቀን እግሬ መሬት አልነካም። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች የሚለውን ተረት እኔ ራሴ ስንት ሰው ላይ ተርቼበታለሁ።

ማክሰኞና ረቡዕ ከሚዛኑ ኮምፒዩተር ላይ እየገለበጥኩ ለሌሎቹ ሳከፋፍል ዋልኩ። ሽያጭ፣ መጋዘን፣ ሒሳብ ክፍል። የሠራውን፣ የተመሰገንኩበትን፣ እሱኑ እንዳለ። እትዬ ክፍል ስደርስ ረቡዕ አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ነው። ኮምፒዩተሩን አስቀመጥኩ፣ ማበጠሪያዋን ሰካሁ፣ መብራቱ መብራቱን አየሁ። የሽያጩ ጸሐፊ ማተሚያው አልታዘዝም አለኝ እያለች በር ላይ ቆማ ትጠራኛለች።

«አንዴ እጄን ላሳርፍበት» አለች እትዬ።

«ቅዳሜ አልሞከርሽውም? ያው እሱ ነው።»

«ለልቤ ነው እንጂ...»

«እትዬ፣ የኔን ሥራ ለኔ ተዪው» አልኳት። ቁጣ ነበረበት፤ የደከመው ሰው ቁጣ። እጇን ወደ ጉያዋ መለሰች።

«እሺ። አንተ ካልክ» አለች፤ እስከ ፈተናው ድረስም አልነካችውም።

ሐሙስ በአራት ሰዓት ሥራ አስኪያጁና የአስተዳደር ኃላፊዋ መጡ። እኔም ለዕቃው ኃላፊ ነህ ተብዬ ተጠራሁ። ክፍሏ ጠባብ ስለሆነች እኔ በሩ ላይ ቆምኩ። እትዬ ለበዓል እንኳ የማታወጣትን ሰማያዊ ሹራብ ለብሳለች። ሥራ አስኪያጁ የሦስት መኪና ሰሌዳ፣ የሾፌሮቹን ስልክና አንድ ረዥም መልእክት ነገራት። ጣቶቿ ቁልፎቹ ላይ ሲሮጡ ኃላፊዋ ዓይኗን ማመን አቅቷት ነበር።

«አሁን ያንብቡልን» አለ።

እትዬ እጇን መስመሯ ላይ አሳረፈች። ከዳር እስከ ዳር ሄደች፣ ተመለሰች። ነጥቦቹ ተኝተዋል። ሽቦውን ፈልጋ አጠበቀችው፣ ነቅላ ሰካችው። ያ መንኮሻኮሽ አልመጣም። በክፍሉ ውስጥ የሚሰማው የጣቷ ድምፅ ብቻ ነበር፤ ልስልሱን ነገር ስትዳስሰው።

እኔ ያኔውኑ አወቅኩ። ሰኞ የጻፍኳት መስመር ፊቴ ላይ ተገተረች። ግማሽ ሰዓት ስጡኝ፣ ጥፋቱ የኔ ነው ማለት ይቻል ነበር። ሁለት ዐረፍተ ነገር ነው።

እትዬ እጇን አነሳችና ቀና አለች። ከዚያ ሦስቱንም ሰሌዳ፣ ሦስቱንም ስልክ፣ መልእክቱንም ከነሰላምታው አንድ ፊደል ሳታጎድል በቃሏ አወረደችው። ኃላፊዋ ሳታስበው ፈገግ አለች። ሥራ አስኪያጁ ራሱን ነቀነቀ።

«ያልኩት ማንበብ ነው እንጂ ማስታወስ አይደለም» አለ። ወደኔ ዞሮም ጠየቀ፦ «ችግሩ ከኛ ኮምፒዩተር ነው?»

«ኮምፒዩተሩ ደህና ነው» አልኩ። ዝም ብል ይበቃ ነበር። «ዕቃዋ ነው... አርጅቷል መሰለኝ።»

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ። የኔ አፍ ግን አላመለጠኝም፤ አውቄ ነው የለቀቅኩት። እስከ ምሳ አስተካክለዋለሁ፣ ሁለተኛ ፈተና እጠይቅላታለሁ፣ እኔም ሰው ፊት አልዋረድም ብዬ ነበር ያሰላሁት። እትዬ ፊቷን ወደ ድምፄ አዞረች። ቅዳሜ ሠርቶ ነበር ማለት ትችላለች። ግን ያን ብትል እኔ ልነካ ነው። በእርጅና የተሰደበውን ዕቃዋን በመዳፏ ሸፈነችው።

እነሱ እንደወጡ እትዬ ዕቃዋን ነቅላ አቅፋው ወጣች፤ እኔም ፕሮግራሙን መልሼ ጫንኩ። ስድስት ደቂቃ ፈጀ። ሰኞ ካነበብኩት ገጽ ወረድ ብዬ ሳይ ደግሞ የተሻለ መላ ተጽፎ አገኘሁ፤ ሳያጠፉ፣ ይህን አዳፕተር ተወው ብሎ በአንድ መስመር ማዘዝ። ሰኞ እስከ ታች ብወርድ ሚዛኑም እትዬም በሠሩ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ከምሳ በኋላ ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ገባሁ። የስንብት ደብዳቤዋ ተፈርሟል አለኝ። ተሳስቼ ነበር፣ ዕቃው ደህና ነው፣ ፕሮግራሙን ያጠፋሁት እኔ ነኝ አልኩት። አልተቆጣም። ከመሳቢያው ነጭ ወረቀት አውጥቶ ወደኔ ገፋ።

«እሱን ጻፈው። እንዳጠፋኸው፣ ሳትሞክር እንዳስረከብክ፣ ስጠይቅህም ሰው ባለበት እንደዋሸህ። ፈርምበት። የሷን ደብዳቤ እዚሁ ፊትህ እቀድደዋለሁ።»

«እኔስ?» አልኩ።

«ያንተንማ የጻፍከውን አንብበን እናያለን» አለ።

እስክሪብቶውን ያዝኩት። ልጆቼን አሰብኩ፣ የኃላፊነቱን ቦታ አሰብኩ፣ ኩንታልና ሾፌሮቹ ሲያጨበጭቡ አሰብኩ። ያጎረሰችኝን እጅ መንከስ ይህን ያህል ዝም ያለ ሥራ መሆኑን ያን ቀን ነው ያወቅኩት፤ ጩኸት የለው፣ ደም የለው። እስከ ነገ ላስብበት ብዬ ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩት።

እትዬና እኔ አንድ ግቢ ነን፤ እሷ ከግቢው ዳር ባለችው አንድ ክፍል፣ እኔ ከነቤተሰቤ በትልቁ ቤት። ከራት በፊት ጠረጴዛው ላይ ላፕቶፔን ከፍቼ ወረቀቱን አጠገቡ ዘርግቼ ተቀምጬ ነበር። የሰኞውን መዝገብ እያየሁ ቀኑንና ሰዓቱን ልገለብጥ። ለእትዬ የምትለዋ መስመር ላይ ደርሼ ቆሜያለሁ፤ ከዚያ በላይ እጄ አልሄድ አለ። እትዬ ማበጠሪያዋን በሻሽ ጠቅልላ ገባች።

«ከቢሮ አወጣሁት» አለች፣ እየዳሰሰች ወንበር ስባ። «ዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ለመለዋወጫ ይፈልጉት ይሆናል። ጨርሶ መሞቱን ግን አንተጋ ልየው ብዬ ነው።»

«ቆይ እትዬ፣ እኔ...» አልኩ።

የላፕቶፔን ጎን ታውቀዋለች። ቀዳዳውን በጣቷ አግኝታ ሰካችው። የኔም ላፕቶፕ ሊኑክስ ነው፤ ፕሮግራሙን አጥፍቼበት አላውቅም። ነጥቦቹ ተንኮሻኮሹ።

ፊቷ በራ። ጣቷን አሳረፈች፣ ከግራ ወደ ቀኝ ሄደች፣ መጨረሻው ላይ ቆመች። ተመልሳ ከመጀመሪያው አነበበች፤ አስቸኳይ ቁጥር ሲነገራት እንደምታደርገው፣ ሁለቴ። ለእትዬ መመለስ እንዳይረሳ። ወደ ላይ አንድ መስመር ወጣችና የሚዛኑንም አነበበች። ያ ኮምፒዩተር፣ ያ ነፍስ የሌለው ነገር፣ ሽቦ በተሰካበት ቁጥር በመጀመሪያ ያሰበው እሷን ነበር። እኔ ነኝ ተው ያልኩት።

«ዛሬ ሰዎቹ ፊት ስትናገር ታውቅ ነበር?» አለች።

«አውቅ ነበር» አልኩ። በዚያ ሳምንት የተናገርኩት እውነት ይኸው ብቻ ነው።

«መርሳትስ የሰው ነው። እኔም ድስት ረስቼ አሳርሬ አውቃለሁ» አለች። «አርጅቷል ያልከው ግን ረስተህ አይደለም።»

ወረቀቱን ነገርኳት። እጽፈዋለሁ፣ ነገ ጠዋት እሰጠዋለሁ፣ ዓይኔን ግንባር ያድርገው ብዬ ማልኩ፤ ለማን እንደምምል የገባኝ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው። እትዬ ሽቦውን ነቀለች። ዕቃዋን በሻሿ ጠቀለለች፣ ጥግ ጥጉን እያስተካከለች፣ ሳትቸኩል።

«ጻፍም አልልህም፣ አትጻፍም አልልህም» አለች። «ዘጠኝ ዓመት አይደለህም።»

በማግሥቱ ሥራ አስኪያጁ ምን አሰብክ አለኝ። ወረቀቱ ኪሴ ውስጥ ነበር፤ ቀኑ ብቻ ተጽፎበታል። «እሷም ደክሟታል» አልኩት። «ብታርፍ ይሻላታል።» እሱም ቀና ብሎ አየኝና ወደ ወረቀቶቹ ተመለሰ፤ እኔ በሱ ቦታ ብሆን ኖሮ ፊቴ ላይ እተፋ ነበር።

አሁን የጥገና ክፍል ኃላፊ ነኝ። ሚዛኑ ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን እንኳ አልቆመም፤ ኩንታል ለመጣ እንግዳ ሁሉ እኔን እያሳየ ያወራል። ስልኩን ማሽኑ ያነሳዋል። ለጥገና ሁለትን ይጫኑ ይላል፤ ሁለትን የተጫነ ሰው እኔን ያገኛል። ሾፌሮች በመስኮቱ አንገታቸውን ያስገቡና ባዶውን ወንበር አይተው ይመለሳሉ። «ማውጫ የት ሄደች?» ይሉኛል። ጡረታ ወጣች እላለሁ።

እትዬ ከዚያ ወዲህ ከኛ ጋር ራት አትበላም። አልተጣላችኝም፤ ልጆቼን እንደ ወትሮው ታጫውታለች፣ ከሚስቴ ጋር ትስቃለች። መጀመሪያ ራት የቀረች ዕለት ሚስቴ ሳህን ሞልታ እንዳደርስላት ሰጠችኝ። ግቢውን በዚያው ጫማዬ፣ በዚያው አረማመዴ አቋረጥኩ፤ ጠጠሩ ከእግሬ ሥር እንደ ሁልጊዜው ጮኸ። በሯ ላይ ቆሜ ከውስጥ የሚመጣውን ስድብ ጠበቅኩ። ምንም ሲጠፋ፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ የእህቴን በር አንኳኳሁ።

ከውስጥ ያ ለስላሳ፣ ያ ቀዝቃዛ ድምፅ መጣ።

«ማን ልበል?» አለችኝ።

ሳህኑ በእጄ ላይ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ስሜን መናገር አቃተኝ።